ዛፎች ፎስፈረስ ባነሰበት መሬት እንዴት እንደሚኖሩ፤ ስለ ከሚሴና ስለ ጨፋ ምድር የቀረበ ጽሑፍ

መሬት እንደ ሰው ትደክማለች፤ እንደ ሰውም ምግብ ትሻለች። ገበሬ አዝመራው ያነሰበት እንደ ሆነ አስቀድሞ ዝናሙን፣ ቀጥሎም ዘሩን ይወቅሳል። ነገር ግን ዝናሙ ሳይጎድል፣ ዘሩም ሳይበላሽ፣ በሬውም ሳይደክም አዝመራው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ የሚሄድበት ማሳ አለ። በዚያው ማሳ መካከል የቆመ አንድ ግራር ወይም አንድ ዋንዛ ግን ማንም ሳይኰተኵተው፣ ማንም ማዳበሪያ ሳይሰጠው ለምልሞ ይታያል። አንዱ አፈር ለሁለቱ ተሰጥቶ ሳለ እህሉ ሲቀጭጭ ዛፉ የሚወፍርበትን ምክንያት መርምሮ ማወቅ፣ አገርን ለሚያስተዳድርና መሬትን ለያዘ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነገር ስለ ሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ለክቡራን አስተዳዳሪዎችና ለመሬት ባለ ይዞታዎች አቅርበናል።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አድርገን እንድንመለከተው ከሚሴንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መርጠናል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የሸዋና የወሎ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞላታል፤ በምሥራቅ በኩል ምድሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። በመካከሉ የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የጨፋን ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ ደዋ ሐረዋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ የተባሉት ወረዳዎች በዚህ ሸለቆና በዳርቻው ተሰልፈው የሚኖሩ ናቸው። በሜዳው ጥቁር ዋልካ፣ በተዳፋቱ ስስና ድንጋያማ አፈር ይገኛል። ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ የሚዘራበት፣ ከብትና ግመል የሚረባበት አገር ስለ ሆነ፣ መሬቱ ለእህልም ለግጦሽም ለማገዶም በአንድነት ያገለግላል። እንግዲህ ብዙ ጌታ ያለው አገልጋይ እንደሚደክም ሁሉ፣ እንዲህ ያለው መሬት መድከሙ አያስደንቅም።

ስለ ፎስፈረስ ምንነት

ተክል ከአፈር ከሚያገኛቸው ምግቦች ሁሉ ሦስቱ ዋነኞች ናቸው፤ እነዚህም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይባላሉ። ፎስፈረስን በ1669 እ.ኤ.አ. ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሐምቡርግ ሰው ከሽንት አንጥሮ አገኘው፤ በጨለማ ሲያበራ ስለ ታየም በግሪክ ቋንቋ ብርሃን ተሸካሚ የሚል ስም ተሰጠው። ይህ ነገር በሰውና በእንስሳ አጥንት፣ በእህል ፍሬ፣ በቅጠልና በሥር ውስጥ ይገኛል። ተክል ከፀሐይ ያገኘውን ኃይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያደርሰው በእርሱ ነው፤ ፍሬም ያለ እርሱ አይሞላም።

ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ባቄላና ግራር የመሰሉ ተክሎች በሥራቸው ከሚያድሩ ጥቃቅን ሕያዋን ጋር ተባብረው ከአየር ሊወስዱት ይችላሉ። ፎስፈረስ ግን በአየር ውስጥ የለም፤ የሚገኘው ከድንጋይና ከአፈር ብቻ ነው። ስለዚህ ከማሳ የወጣ ፎስፈረስ በሰው እጅ ወይም በእንስሳ ሆድ ካልተመለሰ፣ ወይም ከታች ያለው ድንጋይ በዘመናት ብዛት ካልበሰበሰ በቀር፣ የሚተካው ነገር አያገኝም። አንድ ኩንታል እህል ከማሳ ወደ ገበያ ሲወጣ 300 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። ይህ በአንድ ዓመት ትንሽ ይመስላል፤ በአባትና በልጅ፣ በልጅ ልጅም ዘመን ሲደመር ግን የመሬቱን ጎተራ ባዶ ያደርገዋል።

ሌላም የከፋ ነገር አለ። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ቢኖርም እንኳ አብዛኛው የታሠረ ነው። በጎጃምና በአዊ እንደሚታየው ባለ ቀይና ኮምጣጣ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ያስሩታል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ካልሲየም ያስረዋል። ከታሠረም በኋላ በውኃ ስለማይሟሟ ሥር ሊጠጣው አይችልም። ጥቂቱ ቢፈታ እንኳ በአፈር ውስጥ የሚጓዘው እጅግ ቀስ ብሎ፣ በቀን አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ሥር በአጠገቡ ያለውን ከጨረሰ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እያለ ይራባል። የመሬቱ ድህነት በጎተራው መጉደል ብቻ ሳይሆን በጎተራው መቆለፍም ጭምር ነው ማለት ነው። እንግዲህ ዛፍ ከእህል የሚበልጠው ይህን ቁልፍ መክፈት በማወቁ ነው።

ዛፎች የሚኖሩበት ጥበብ

የዛፎች ጥበብ በአራት ይከፈላል። አንደኛው ከፈንገስ ጋር የሚያደርጉት ማኅበር ነው። ከእንጉዳይ ወገን የሆኑ እጅግ ቀጫጭን ክሮች በዛፉ ሥር ውስጥ ያድራሉ፤ ከዚያም ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋሉ። ክሩ ከፀጉር ይልቅ የቀጠነ ስለ ሆነ የዛፍ ሥር ሊገባበት በማይችል ስንጥቅ ሁሉ ገብቶ ፎስፈረስ ለቅሞ ለዛፉ ያመጣል፤ ዛፉም በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ይከፍለዋል። ይህ ክፍያ አንዳንድ ጊዜ ዛፉ ከሚሠራው ስኳር እስከ አምስት አንድ እጅ ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በዓይን የማይታየው ክር ተባብሮ ግዙፉን ዛፍ ይመግባል። ተስፋዬ ውበት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ደረቅ ደጋ ደን አገር በቀል ዛፎች እንዲህ ያለ የፈንገስ ማኅበር በሥራቸው እንዳላቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ጽድም ቢሆን ዝግባም ቢሆን ብቻውን የቆመ መስሎ ቢታይም ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው ጥበብ አሲድ ማፍሰስ ነው። አንዳንድ ተክሎች ፈንገስን ሳይጠብቁ፣ ጠርሙስ ለማጠብ እንደሚያገለግል ቡርሽ የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ሥር ያበቅላሉ፤ ከዚያም ሎሚን የሚያኰመጥጠውን ሲትሪክ አሲድና ሌሎችንም በአፈሩ ላይ ያፈስሳሉ። አሲዱም ብረቱን፣ አሉሚኒየሙንና ካልሲየሙን ይዞ ፎስፈረሱን ያስለቅቀዋል። የዚህ ነገር ዋነኛ ምስክር በአገራችን የታወቀው ግብጦ ነው። የጎጃምና የአዊ ገበሬ ሌላ ነገር እንቢ ባለው መሬት ላይ ግብጦ ሲዘራ የአባቶቹን ልማድ ይከተላል፤ የዓለም ሊቃውንትም ስለ ቡርሽ ሥር ሲመረምሩ ከሁሉ ይልቅ የተማሩት ከዚሁ ከግብጦ ነው። ከዛፎችም ወገን ከአውስትራልያ የመጡት ግራቪሊያና ሸውሸዌ ይህን የመሰለ ሥር አላቸው። ሁለቱም በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞችና የእርሻ ዳርቻዎች ተተክለው ይገኛሉ።

ሦስተኛው ጥበብ ኤንዛይም ማውጣት ነው። በበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ የዛፍ ሥርና የፈንገሱ ክር የሚያወጡት ኤንዛይም ይህን ማጣበቂያ ቆርጦ ፎስፈረሱን ነፃ ያወጣዋል። ቅጠሉ ከዛፉ ሥር ካልተወሰደ ዛፉ ካረጀ ልብሱ አዲስ ልብስ እንደሚያሠራ ብልኅ ቤተሰብ ይሆናል ማለት ነው።

አራተኛው ጥበብ ቁጠባ ነው። ዛፍ ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት በቅጠሉ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ግማሽ ያህሉን ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ መሬቱ እጅግ ድሃ በሆነበት ስፍራ ከዚህም አብልጦ ይመልሳል። በምዕራብ አውስትራልያ በዓለም ከታወቁት እጅግ ድሃ አፈሮች በአንዱ ላይ የሚበቅሉ ዛፎች ደግሞ ከዚህ አልፈው፣ በቅጠላቸው ስብ ውስጥ የሚገባውን ፎስፈረስ በሌላ ነገር ተክተው ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ ያውሉታል።

ከእነዚህ ጥበቦች በቀር ከሩቅ የሚመጣ በረከትም አለ። በቻድ አገር ቦዴሌ ከተባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ነፋስ የሚያነሣው አቧራ ታላቁን ውቅያኖስ ተሻግሮ በአማዞን ደን ላይ ይወርዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳተላይት ጥናት እንደ ገመተው፣ በዚህ አቧራ በየዓመቱ ወደ አማዞን የሚደርሰው ፎስፈረስ 22,000 ቶን ያህል ነው። ከዓለም የሐሩር ምድር ደኖች ሁሉ የሚሰፋው ደን ከበረሃ ምጽዋት መቀበሉ ፎስፈረስ ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ያስረዳል።

ስለ ገርቢና ስለ ዋንዛ

አሁን ወደ ከሚሴ አገር እንመለስ። ከግራር ወገን የሆነ፣ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባል ዛፍ አለ። የዚህ ዛፍ ጠባይ ከሌሎች ዛፎች ሁሉ ይለያል፤ ይኸውም ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ሌላው በበጋ ሲራቆት እርሱ ይለብሳል። ስለዚህ እህል በሚበቅልበት ወራት ጥላ አያጠላበትም፤ በበጋም ከብት ከጥላው ሥር አርፎ ፍሬውንና ቅጠሉን ይበላል፤ እበቱንም እዚያው ይተዋል። ሥሩ ወደ ታች እጅግ ጠልቆ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የእህል ሥር ከማይደርስበት ጥልቀት ምግብ አውጥቶ በቅጠሉ አማካይነት ወደ ላይኛው አፈር ያመጣዋል። በሐረርጌ ደጋ በገርቢ ላይ ተጠንቶ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ምርመራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የተዘራው እህል ከዛፉ ርቆ ከተዘራው ይልቅ በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ እንደ ሰጠ አመልክቷል።

ነገር ግን አንድ ነገር መሳት አይገባም። ገርቢ ናይትሮጅንን ከአየር ሊያመጣ ይችል ይሆናል፤ ፎስፈረስን ግን አይፈጥርም። ከጥላው ሥር የተገኘው ፎስፈረስ ከፊሉ ከጥልቅ አፈር የወጣ፣ ከፊሉም ከብቱ ከተራራ ግጦሽ በሆዱ ተሸክሞ ያመጣው ነው። ዛፉ ሰብሳቢ ነው እንጂ ፈጣሪ አይደለም። ስለዚህ ግጦሹ ከተራቆተ፣ እበቱም ለኩበት ከተለቀመ፣ ቅጠሉም ለማገዶ ከተጠረገ፣ ዛፉ ቢቆምም የሚሰበስበው ነገር አያገኝም። ዋንዛም (በኦሮምኛ ወዴሳ) በማሳ መካከል ሲተው ሰፊ ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ያለብሳል፤ ነገር ግን ለሳንቃ ተፈላጊ በመሆኑ ሳይተካ ይቈረጣል። እንዲህ ያለውን ዛፍ የቈረጠ ሰው ያገኘው የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ያጣው ግን ያለ ደመወዝ ሲያገለግለው የነበረውን ሠራተኛ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ አዲስ አበባንም ከማገዶ ችግር አዳነ። ይህ ዛፍ በድሃ መሬት በቶሎ የሚያድገው ከላይ የተነገሩትን ጥበቦች ከትውልድ አገሩ ይዞ ስለ መጣ ነው። ከብዙ ዓይነት ፈንገስ ጋር ይወዳጃል፤ የቅጠሉንም ፎስፈረስ አጥብቆ ይቈጥባል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ በበቀለበት መሬት ሁሉ መሬቱ ወፍራም ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ዛፉ በጥቂት የሚኖር ነውና።

የዚህም ዛፍ ጥበብ ወሰን አለው። በሲድኒ ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገ ፈተና፣ ዛፎቹ ብዙ የካርቦን ጋዝ እንዲያገኙ ተደረገ። ዛፎቹም ከጋዙ 12 በመቶ ያህል አብልጠው ሳቡ፤ ግንዳቸው ግን አልጨመረም። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የአፈሩ ፎስፈረስ ማነስ መሆኑን መርማሪዎቹ አስረዱ። እንግዲህ በኮረብታ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ በየጥቂት ዓመቱ ግንዱን፣ ልጡንና ቅጠሉን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ሰው፣ ላሟን ሳያበላ እንደሚያልብ ሰው ነው። ብልኅ ባለ መሬት ግንዱን ይወስዳል፤ ምግቡ የበዛበትን ልጡንና ቅጠሉን ግን በስፍራው ይተዋል።

ሊደረግ የሚገባው

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም በየክረምቱ ብዙ ችግኝ በመላው አገር ተተክሏል። ለአስተዳዳሪ የተተከለውን መቍጠር ቀላል ነው፤ የሚያኰራው ግን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ነው። ችግኝ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከጽናቱ መሠረቶች አንዱ በሥሩ በኩል ያለው ማኅበር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ በችግኝ ጣቢያ ለሚሞላው አፈር ከአሮጌ ግራር፣ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ይቀላቀልበት፤ ፈንገሱ ከዚያ ይገኛልና። ለየዛፉም ከራሱ ወገን ሥር የተወሰደው ይሻላል። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ጥድ የመሰለው እንግዳ ዛፍ መጀመሪያ በተተከለ ጊዜ ፈንገሱን የያዘ አፈር እስኪመጣለት ድረስ ቀጭጮ መቅረቱ ለዚህ ምስክር ነው።

2ኛ፤ ለችግኝ የፎስፈረስ ማዳበሪያ አብዝቶ መስጠት አይገባም። ሲጠግብ ፈንገሱን ይተዋል፤ ግራቪሊያማ በብዙ ፎስፈረስ ሊጎዳ ይችላል።

3ኛ፤ በማሳ መካከል ያለ ገርቢና ዋንዛ ያለ ምትክ እንዳይቈረጥ የወረዳው ሹም ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ ደንብ ያውጣ። ትእዛዝ ብቻውን ዛፍ አያቆምም፤ ገበሬው ጥቅሙን ካወቀ ግን ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

4ኛ፤ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ግን አብዛኛው በአመድ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ኩበት ማንደድ ግድ በሆነበት ቤት አመዱ በመንገድ ከመጣል ወደ ማሳ ይመለስ።

5ኛ፤ አንድ ኩንታል ደረቅ አጥንት 10 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ አለበት፤ ይህም ከ30 ኩንታል በላይ እህል ከማሳ ይዞት ከሚወጣው ጋር ይተካከላል። በከሚሴ፣ በባቲና በሰንበቴ ከተሞች ከሥጋ ቤት የሚጣለው አጥንት ተቃጥሎና ተፈጭቶ ከፍግ ጋር ቢበሰብስ መልካም ማዳበሪያ ይወጣዋል። ኖራ በበዛበት አፈር ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ከፍግ ጋር ማብላላቱ አይተው። በአባ ሰንጋ ወይም ባልታወቀ በሽታ የሞተ ከብት አጥንት ግን ፈጽሞ አይነካ።

6ኛ፤ ናይትሮጅን በውኃ ሲታጠብ ፎስፈረስ ግን ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር፣ የሚጠፋው በይበልጥ አፈሩ ሲጠፋ ነው። ቦርከና በክረምት ደፍርሶ ሲወርድ የሚያወርደው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ የተዳፋቱን ማሳ ሀብት ነው። ስለዚህ እርከን መሥራትና በእርከኑ ጠርዝ ዛፍ መትከል ከማዳበሪያ ግዢ የሚቀድም ሥራ ነው።

7ኛ፤ አፈሩን ሳያስመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ አይገባም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሲዘጋጅ የኖረው ለዚህ ነው። የጨፋ ዋልካና የተዳፋቱ ስስ አፈር አንድ አይደሉምና አንድ ምክር ለሁለቱ አይበቃም።

ይህን ስንል የማዳበሪያን ጥቅም ለማቃለል አይደለም። ሰብል በብዛት የሚፈለግበት ማሳ ከውጭ የሚመጣ ፎስፈረስ ያስፈልገዋል፤ ዛፍ ብቻውን አይሞላውም። ነገር ግን ማዳበሪያው በባሕር ተሻግሮ በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር ገበሬው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ የታወቀ ነው። ዛፉ ግን በአገሩ አፈር ላይ ቆሞ፣ የተቈለፈውን ጎተራ ቀስ ብሎ እየከፈተ፣ ያገኘውንም በቅጠሉ እየመለሰ ይኖራል።

የዛፍ ትምህርት በአጭሩ ሦስት ነው፤ ይኸውም ከጎረቤት ጋር መተባበር፣ ያገኙትን አለማባከን፣ የወሰዱትንም መመለስ ነው። መሬት ከሚያርሳት ሰው የምትሻው ከዚህ የበለጠ አይደለም። በእጁ ያለውን ማሳ ለልጁ ወፍራም አድርጎ ሊያወርስ የሚሻ ሰው፣ በማሳው መካከል የቆመውን ዛፍ ከመቍረጡ በፊት ሥሩ በታች ምን እየሠራ እንደ ሆነ ይጠይቅ።